አኅጽሮቱ ደርሷል፤ ጽሑፉስ? የጥናት ጆርናሎች ሙሉ ጽሑፍን በፊድ ስለማድረስ

በአገራችን ከሚታተሙ የጥናት ጆርናሎች በርካታዎቹ ዛሬ በድረ ገጽ ይነበባሉ። ከእነዚህ ድረ ገጾች የአንዱን ጠርዝ ልብ ብሎ የተመለከተ ተመራማሪ «አር.ኤስ.ኤስ.» ወይም «አተም» የሚል ጽሑፍ ያለባት አነስተኛ ምልክት ሊያገኝ ይችላል። ምልክቷ የፊድ መግቢያ ናት። ብዙዎቻችን አልፈናት እንሄዳለን፤ የተጠቀሙባት ጥቂቶች ደግሞ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር የሚደርሳቸው የጽሑፉ ርዕስ፣ የጸሐፊው ስምና አንድ አንቀጽ አኅጽሮት ነው። ዋናውን ጽሑፍ ለማንበብ ማስፈንጠሪያውን ተከትሎ ወደ ድረ ገጹ መሄድ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፦ ጽሑፋቸውን ለማንም በነጻ ክፍት ያደረጉ ጆርናሎች በፊዳቸው መላክ ያለባቸው አኅጽሮቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ጽሑፍ ነው። ጉዳዩ የቴክኒክ ባለሙያ ምርጫ መስሎ ይታያል፤ እኔ ግን ማን ማንበብ እንደሚችል የሚወስን የአርታዒ ውሳኔ ነው እላለሁ።

ፊድን ተጠቅሞ ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩን በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው። ፊድ በኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲነበብ በተወሰነ ሥርዓት የተጻፈ አንድ ፋይል ሲሆን፣ በውስጡ አዳዲስ ጽሑፎች በተርታ ይሰፍራሉ። አንባቢው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ በጫነው የፊድ ማንበቢያ የጆርናሉን አድራሻ አንድ ጊዜ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ማንበቢያው በየተወሰነ ሰዓት ፋይሉን እየጠየቀ አዲስ የተጨመረውን ያመጣለታል። የይለፍ ቃል የለም፤ ኢሜይል መስጠት የለም፤ የትኛው ጽሑፍ ቀድሞ መታየት እንዳለበት የሚወስን ስውር ቀመርም መሐል አይገባም። የወረደው ነገር በአንባቢው መሣሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይነበባል። ለማቀርበው ክርክር መሠረቱ ይህ የመጨረሻው ባሕርይ ነው።

አኅጽሮት ብቻ መላክ የቴክኖሎጂው ሕግ እንዳልሆነ ከታሪኩ መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው አር.ኤስ.ኤስ. ከኔትስኬፕ ኩባንያ የወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ነበር። ዓላማው ከልዩ ልዩ ድረ ገጾች የተለቀሙ ርዕሶችን በኩባንያው የመግቢያ ገጽ ላይ መደርደር ስለነበር ርዕስና ማስፈንጠሪያ ይበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አር.ኤስ.ኤስ. 2.0 ግን የመግለጫው ክፍል አኅጽሮትን ወይም ራሱን የቻለ ሙሉ ጽሑፍን ሊይዝ እንደሚችል በግልጽ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 መስፈርቱ ይፋ የሆነው አተም ከዚያ አልፎ ለአኅጽሮቱ አንድ፣ ለሙሉው ይዘት ሌላ፣ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አዘጋጀ። ስለዚህ አኅጽሮት ይወገድ የሚል ሐሳብ እያቀረብሁ አይደለም። ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ።

ታዲያ ሁለተኛው ክፍል ለምን ባዶ ቀረ? ለንግድ ድረ ገጾች መልሱ ግልጽ ነው፤ ገቢያቸው ከማስታወቂያ ስለሚመጣ አንባቢው ወደ ገጻቸው መምጣት አለበት። በዩኒቨርሲቲ ጆርናሎች ዘንድ ግን የሚሸጥ ማስታወቂያ የለም። እዚህ ያለው ምክንያት ልማድ ነው፤ ልማዱንም የፈጠረው ሶፍትዌሩ ነው። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ጆርናሎች የሚገለገሉበት፣ የእኛዎቹም ብዙዎች የሚተዳደሩበት ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ፊዱን የሚያዘጋጀው ከአኅጽሮቱ ነው። አርታዒው ምንም ሳይነካ ከተወው አኅጽሮት ብቻ ይወጣል። በአንጻሩ ብዙ የምርምር ተቋማት ለድረ ገጻቸው የሚጠቀሙበት ዎርድፕሬስ ሙሉ ጽሑፍን መነሻ ምርጫው አድርጎ ይመጣል። እንግዲህ በየፊዱ የምናየው ልዩነት ከአንድ የአርትዖት ቦርድ ስብሰባ የመነጨ አይመስለኝም፤ ከሩቅ የተቀመጡ ፕሮግራመሮች የተዉት መነሻ ምርጫ እንጂ።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ደግሞ ፖድካስት ነው። ፖድካስት የቆመው በዚሁ በአር.ኤስ.ኤስ. ላይ ነው። የአንድ ሰዓት ዝግጅት ብዙ ጊዜ በአሥር ሜጋ ባይቶች የሚቆጠር ድምፅ ሆኖ በሙሉ ይላካል፤ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሰከንዶች አሰምቶ የቀረውን ከድረ ገጼ መጥታችሁ ስሙ ማለት የተለመደ አይደለም። ለድምፅ የተፈቀደው ነገር ለጽሑፍ ሲሆን ለምን እንደሚከለከል አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም።

ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ እንመልከት። በግቢ ውስጥ ባልተቋረጠ መስመር ለሚሠራ ሰው ማስፈንጠሪያ መጫን ምንም አይደለም። መረጃ ለመሰብሰብ በወረዳ ከተማ ለሚሰነብት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። እኔ ሁለት ወር በቆየሁበት ከተማ ኔትወርኩ የሚሻለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር፤ ማንበቢያው ሌሊት ያወረደውን ቀን ላይ፣ ብዙ ጊዜም መብራት በሌለበት ሰዓት፣ ከስልክ አነብ ነበር። ከተመዘገብሁባቸው ፊዶች ሙሉ ጽሑፍ የሚልኩት ሥራዬን አገዙኝ። የቀሩት የሚያጓጉ ርዕሶች ዝርዝር ሆነው ከረሙ፤ መሶቡን አቅርቦ ክዳኑን እንደ መያዝ ያለ ነገር ነው።

ከዚህ የከፋም ጊዜ አይተናል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ የመገናኛ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቷል፤ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በሰፊው ተቋርጦ ነበር። በእነዚህ አካባቢዎች ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በዩኒቨርሲቲዎቹም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ፊድ የተቋረጠን መስመር ሊቀጥል አይችልም። ከመቋረጡ በፊት የደረሰው ግን በአንባቢው እጅ ይቀራል፤ አኅጽሮት ብቻ በደረሰው ሰው እጅ ደግሞ የሚቀረው የማይከፈት ማስፈንጠሪያ ነው።

ሙሉ ጽሑፍ መላክ የአንባቢውን ዳታ ይጨርሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ስሌቱን እንሥራው። ዛሬ በድረ ገጽ ላይ በተለመደው ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 5000 ቃላት ያሉት የአማርኛ ጥናት በአማካይ በቃል 5 ፊደል ቢኖረው 75 ሺህ ባይት፣ በቃላቱ መካከል ላሉት ክፍተቶች 5 ሺህ ተጨምሮ 80 ሺህ ባይት ገደማ ይሆናል። ሰርቨሩ አምቆ ሲልከው ከዚህም ያንሳል። በስልክ የተነሣ አንድ ተራ ፎቶግራፍ 2 ሜጋ ባይት ቢሆን፣ በእርሱ ቦታ 25 እንዲህ ያሉ ጥናቶች ይገባሉ። አንባቢውን የሚጎዳው ይልቁን ከአኅጽሮቱ ተነሥቶ ወደ ድረ ገጹ የሚያደርገው ጉዞ ነው፤ የገጹ ምስሎች፣ የገጹ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች፣ በመጨረሻም ገጽ በገጽ ስካን የተደረገ ፒ.ዲ.ኤፍ. አብረው ይወርዳሉና።

ተቃውሞው ጥንካሬ የሚያገኘው በሌላ በኩል ነው። የፊዱ ፋይል በተለወጠ ጊዜ ማንበቢያው የሚያወርደው አዲሱን ጽሑፍ ነጥሎ ሳይሆን ፋይሉን በሙሉ ነው። 20 ጥናቶች የያዘ ፊድ 1.6 ሜጋ ባይት ይመዝናል፤ ማንበቢያው በየሰዓቱ ቢያወርደው በቀን ከ38 ሜጋ ባይት በላይ ነው። ይህ በርግጥም ብክነት ነው። መፍትሔው ግን ጽሑፉን መቁረጥ አይደለም። በአግባቡ የተስተካከለ ሰርቨርና ማንበቢያ በመጀመሪያ የሚነጋገሩት ካለፈው ጥያቄ ወዲህ የተለወጠ ነገር መኖር አለመኖሩን ነው፤ ለውጥ ከሌለ ሰርቨሩ 304 የሚል መለያ ቁጥር ያለው አጭር መልስ ብቻ ሰጥቶ ያሰናብታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚታተም ጆርናል ሙሉው ፋይል የሚወርደው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ፊዱ ከመጨረሻው እትም ያለፈ ነገር እንዳይዝ መወሰንም ይቻላል። የሰርቨር አስተዳዳሪው ይህን ማስተካከያ ካላደረገ ግን የተቃዋሚዎቹ ስሌት ትክክል ይሆናል፤ ስለዚህ ሙሉ ጽሑፍ ከመላክ በፊት መረጋገጥ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ብዙ አርታዒዎችን የሚያሳስባቸው ግን የዳታ ጉዳይ ሳይሆን የጎብኚ ቁጥር ይመስለኛል። ጽሑፉ በፊድ ከተነበበ የገጹ ቆጣሪ አይንቀሳቀስም፤ በዓመታዊ ሪፖርት ላይ የሚቀርበው አኃዝ ዝቅ ይላል። በጀት የሚጠየቀው በአኃዝ ስለሆነ ስጋቱን አላቃልለውም። ነገር ግን ገጽ መከፈቱ ጽሑፍ መነበቡን አያረጋግጥም። ፊድም ከቆጠራ ፈጽሞ አያመልጥም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በሰርቨሩ መዝገብ ይሰፍራል፤ ለብዙ ሰው በአንድነት ከሚያወርዱ የማንበቢያ አገልግሎቶችም መካከል ስንት ተመዝጋቢ እንዳላቸው ከጥያቄያቸው ጋር የሚያስታውቁ አሉ። ለጸሐፊው የሚጠቅመው ቁጥር ደግሞ የጥቅስ ቁጥር ነው። አኅጽሮቱን ብቻ አንብቦ የሚጠቅስ ሰው የለም ለማለት አልደፍርም፤ እንዲህ ያለውን ጥቅስ የሚመኝ ጸሐፊ ግን ያለ አይመስለኝም።

ክብደት ያለው ተቃውሞ ስለ እርማት የሚነሣው ነው። አንድ ጥናት ከታተመ በኋላ ስሕተት ቢገኝበት፣ ይባስ ብሎም ቢሻር፣ በድረ ገጹ ላይ ያለውን ቅጂ ማረም ይቻላል፤ በብዙ መሣሪያዎች ላይ የወረደው ቅጂ ግን እንዳለ ይቀራል። የተሻረ ጥናት ሳያውቁት ተመርኩዘው ሌላ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ይኖራሉ ማለት ነው። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ፒ.ዲ.ኤፍ. አውርዶ በኮምፒውተሩ ያስቀመጠ አንባቢም ከዚህ አደጋ አያመልጥም፤ ሁኔታውም ይበልጥ የከፋ ነው፤ ከጆርናሉ ጋር ያለው ግንኙነት ፋይሉን ባወረደበት ቅጽበት አብቅቷልና። የፊድ ተመዝጋቢ ግን ከጆርናሉ ጋር እንደተገናኘ ነው። አተም ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የማይለወጥ መለያና የመጨረሻው ለውጥ የተደረገበት ጊዜ እንዲሰፍር ግዴታ ያደርጋል። አርታዒው ጽሑፉን አርሞ በዚያው መለያ በአዲስ ጊዜ ሲያወጣው የአንባቢው ፕሮግራም አሮጌውን በአዲሱ ሊተካው ይችላል። የታተመ ወረቀት ይህን አያደርግም፤ በኢሜይል የተላከ አባሪም አያደርግም።

ይህ አሠራር ግን ሁለት ክፍተቶች አሉበት፤ አርታዒዎች ሊያውቋቸው ይገባል። የመጀመሪያው፣ እርማቱ የሚደርሰው ጽሑፉ ገና በፊዱ ውስጥ ካለ ነው፤ በኋላ እትሞች ተገፍቶ ከወጣ ማንበቢያው ዳግመኛ አያየውም። ሁለተኛው፣ ጽሑፉ መለወጡን ለአንባቢው ሳያሳዩ በዝምታ የሚተኩ ማንበቢያዎች አሉ፤ ዝምታው ደግሞ ለሳይንስ ከስሕተቱ ባልተናነሰ ያስቸግራል። ስለዚህ እርማትና ሽረት የመጀመሪያውን ጽሑፍ ርዕስ ጠቅሶ ራሱን የቻለ አዲስ ጽሑፍ ሆኖ በፊዱ መውጣት አለበት፤ ዋናው ጽሑፍ በፊዱ ውስጥ ካለም አብሮ ይታረማል። ሙሉ ጽሑፍ ለመላክ የወሰነ ጆርናል ይህን በመመሪያው ውስጥ አስቀድሞ ቢጽፈው መልካም ነው።

የቅጂ መብት ጥያቄ ብዙ አያቆየንም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን የማባዛትና የማሰራጨት መብት የጸሐፊው ነውና፣ ጆርናሉ ከጸሐፊው ጋር በሚያደርገው ስምምነት ውስጥ ፊድን መጥቀስ ይኖርበታል። ማባዛትንና ማሰራጨትን በሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የሚያሳትሙ ጆርናሎች ግን ፈቃዱን አስቀድመው ለዓለም ሁሉ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የቡዳፔስት የክፍት ተደራሽነት መግለጫም የሚናገረው ሙሉ ጽሑፍን ስለ ማንበብ፣ ስለ ማውረድ፣ ስለ መቅዳትና ስለ ማሰራጨት ነው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው አገር አቀፍ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ይጠይቃል። ማንም ሰው ቀድቶ እንዲያሰራጭ የፈቀደ ጆርናል በራሱ ፊድ አኅጽሮት ብቻ ሲልክ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አለ። ማድረግ ያለበት የፈቃዱን ቃል በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ አብሮ መላክ ብቻ ነው።

ሐሳቤ ለሁሉም የትምህርት ዘርፍ እኩል ይሠራል ብዬ አላምንም። በቀመር የተሞላ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ጥናት በብዙ ማንበቢያዎች ላይ ተበላሽቶ ይታያል፤ ሰፋፊ ሠንጠረዦች በስልክ ገጽ ላይ ይሰባበራሉ። ተሳስቶ የሚታይ ቀመር ከሌለ ቀመር የከፋ ስለሆነ፣ ለእነዚህ ዘርፎች አኅጽሮትና ፋይል ቢበቃ አልከራከርም። የሕግ፣ የታሪክ፣ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ የትምህርት ጥናቶች ግን በአብዛኛው ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ የግርጌ ማስታወሻዎቻቸው ወደ መጨረሻ ቢዛወሩ የሚጎድላቸው ነገር የለም።

በአማርኛ ለሚታተሙት ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ጥቅምም በእርሱ ውስጥ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚተየበው የቀድሞዎቹን ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝን በመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ የተቀመጡ ሥዕሎች ናቸው። ከእንዲህ ያለ ፒ.ዲ.ኤፍ. አንድ አንቀጽ ገልብጦ ሌላ ቦታ ለመለጠፍ የሞከረ ሰው ትርጉም የለሽ የምልክቶች ክምር ገጥሞታል። ሰነዱ በአማርኛ ቃል ሲፈለግ አይገኝም፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራም አያነበውም፤ በአማርኛ ላይ የኮምፒውተር ጥናት የሚሠሩ ባልደረቦቻችንም የጽሑፍ ክምችት አድርገው ሊጠቀሙበት አይችሉም። አኅጽሮቱ በእጅ እንደገና ስለሚተየብ ችግሩ ተሸፍኖ ይኖራል። ሙሉ ጽሑፍ በፊድ ለመላክ የሞከረ ጆርናል ግን ችግሩን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል፤ ከፊዱ የሚወጣው የምልክት ክምር ይሆናልና። ስለዚህ ሙሉ ጽሑፍ መላክ አንድ ጆርናል ያሳተመው ነገር እውነተኛ ጽሑፍ ይሁን የጽሑፍ ሥዕል የሚለይበት ፈተና ጭምር ነው። የቆዩትን እትሞች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ጊዜና አራሚ ዓይን ይጠይቃል፤ አዲሶቹን ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ማዘጋጀት ግን የሚጠይቀው የአቀማመጥ ባለሙያውን ማስገደድ ብቻ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፎች ነገር ለየት ይላል። 150 ገጽ ያለውን ሥራ በፊድ ውስጥ መዘርጋት ለማንም አይመችም። ነገር ግን አር.ኤስ.ኤስ. ፖድካስት የሚጓዝበት የአባሪ ክፍል አለው፤ በዚህ ክፍል የፋይሉ አድራሻና ዓይነት ብቻ ሳይሆን መጠኑም በባይት እንዲጻፍ መስፈርቱ ያዝዛል። አንባቢው 3 ሜጋ ባይት ይሁን 60 ሜጋ ባይት ከማውረዱ በፊት ያውቃል፤ በእጁ ባለው ካርድ መጠንም ይወስናል። የዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማከማቻዎቻችን አዲስ የገቡ ሥራዎችን በፊድ ሲያስታውቁ ይህን ቁጥር ቢሞሉ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሙከራው ከየት ይጀመር ለሚል፣ የዚህ ቡለቲን ጽሑፎች አጫጭር ናቸው፤ ቀመርም ብዙ አይበዛባቸውም። አንድ እትም እያንዳንዳቸው 2000 ቃላት ያሏቸው አሥር ጽሑፎች ቢይዝ፣ ከላይ ባየነው ስሌት ሙሉ ፊዱ 320 ኪሎ ባይት ገደማ ይሆናል። የሚቀጥለው እትም በዚህ መንገድ ቢወጣ በየመስኩ የተበተኑት የዘንድሮ ተማሪዎች ባሉበት ሆነው ሊያነቡት ይችላሉ።